ተከሳሹ ገንዘቡ ሲሆን፦ ንብረታችሁ ከተያዘ ምን ታደርጋላችሁ?

ጅማ ውስጥ ማመልከቻ በመጻፍ ነው የምኖረው። ጠበቃ አይደለሁም። የማውቃትን ያህል ሕግ ያወቅኳት በደንበኞቼ ችግር ነው። ያለኝ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ባለ ሦስት እግር በርጩማና አንድ ላፕቶፕ ነው። የ‘ረ’ ቁልፉ ስለወለቀ ‘ንብረት’ የምትለዋን ቃል በጥፍሬ እየጫንኩ ነው የምጽፋት። በቀን ስንት ጊዜ እንደምጽፋት አትጠይቁኝ።

ሰው ይመጣና "ንብረቴ ተወረሰ፣ ጻፍልኝ" ይላል። እኔ መጀመሪያ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ "ተወርሶ ነው ወይስ ተይዞ?" "ምን ልዩነት አለው፣ ወስደውታል እኮ!" ይሉኛል። ልዩነቱማ የሰማይና የምድር ነው።

መያዝ ማለት ዕቃው ከእጃችሁ ወጥቶ መንግሥት እጅ ተቀመጠ ማለት ነው፤ ባለቤቱ ግን አሁንም እናንተ ናችሁ። ማገድ ማለት ቤቱም የባንክ ሂሳቡም ባለበት ሆኖ መሸጥ፣ መለወጥ፣ ማውጣት አትችሉም ማለት ነው። መውረስ ሲባል ባለቤትነቱ ራሱ ወደ መንግሥት ዞረ፤ ይሄ ደግሞ ያለ ውሳኔ አይሆንም። የከተማችን ሽማግሌዎች ሦስቱንም "ውርስ" የሚሏቸው ወደው አይደለም። በ1967 ትርፍ ቤቱ በአዋጅ የተወሰደበት ሰው፣ ወይም ልጁ፣ ዛሬም በየሰፈሩ አለ። ቢሆንም ማመልከቻ ላይ "ተወረሰብኝ" ብላችሁ ከጻፋችሁ ገና ያላለቀውን ነገር በገዛ ፊርማችሁ አለቀ ማለታችሁ ነው። "ተይዞብኛል" በሉ።

መውረስ በሁለት በር ይገባል። አንደኛውን ሁላችንም እናውቀዋለን፦ ሰውየው ተከሰሰ፣ ጥፋተኛ ተባለ፣ በወንጀሉ ያገኘው ተወሰደ። ሁለተኛው ሰውየውን ትቶ ንብረቱን ይከሳል። አሜሪካኖቹ በዚህ የቆዩ ናቸው። የመዝገቦቻቸው ስም ራሱ ያስቃል፤ እ.ኤ.አ. በ2006 በይግባኝ የተወሰነ አንድ መዝገብ "ዩናይትድ ስቴትስ በ124,700 ዶላር ላይ" ይላል። ተከሳሹ ብር ነው። መኪናው ውስጥ ዕፅ አልተገኘም፣ ገንዘቡ ግን ተወረሰ።

እኛ ዘንድም ይሄ በር ተከፍቷል። በ2017 የጸደቀው የንብረት ማስመለስ አዋጅ ያለ ጥፋተኝነት ፍርድ፣ በፍትሐ ብሔር መንገድ ንብረት የሚወረስበትን ሥርዓት አምጥቷል። ምንጩ ያልታወቀ ንብረትንም ይነካል፣ እስከ 10 ዓመት ወደ ኋላ ተመልሶ። ንብረታችሁ ከታወቀው ገቢያችሁ ጋር አይመጣጠንም ከተባለ ከየት እንደመጣ የማስረዳቱ ሸክም ወደ እናንተ ይዞራል። ስለዚህ ዝግጅቱ ዛሬ ማታ ይጀምር፣ ሰው በር ሲያንኳኳ በጣም ረፍዷል።

ከመኪና እንነሳ። ጅማ ውስጥ ስንቱ ሰው ነው በውክልና ብቻ የሚነዳው? ገዝቶ፣ ከፍሎ፣ ስመ ንብረቱን ሳያዞር፣ "በኋላ እደርስበታለሁ" እያለ ሦስት ዓመት። መኪናው የተያዘ ዕለት ሊብሬው ላይ ያለው ስም የሻጩ ነው፤ ሻጩ ደግሞ ስልኩን ቀይሯል። እናንተ በወረቀት የሌላ ሰው መኪና የምትነዱ ሰው ናችሁ። የስም ማዞሪያው ወጪ ይመራል፣ አውቃለሁ። አዙሩት።

ብድርም እንደዚያው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር በጽሑፍ፣ ወይም ተበዳሪው ሲያምን፣ ወይም በመሐላ ካልሆነ አይረጋገጥም ይላል። ዛሬ 500 ብር ይዞ ገበያ የወጣ ሰው በአንድ ፌስታል ነው የሚመለሰው፤ ሕጉ ላይ ያለው ቁጥር ግን ያው ነው። "አማቼ 400 ሺህ አበድረውኝ ነው የሠራሁት" ብላችሁ ሦስት ምስክር ብትደረድሩ ወረቀት አይሆንላችሁም። አንድ ገጽ ውል ጻፉ፣ ምስክር አስፈርሙ። ወንድም ቢሆንም። እንዲያውም ወንድም ከሆነ ነው።

ቡና ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ጅማ አይደለን! በጎማና በሊሙ በኩል እሸት ቡና የሚሰበስብ ሰው በመኸር ጊዜ ከጠዋት እስከ ማታ ብር ሲቆጥር ነው የሚውለው። ገበሬው እጅ በእጅ ነው የሚፈልገው፣ እውነቱንም ነው። ባለፈው ዓመት አንዱ ደንበኛዬ የሒሳብ ደብተሩን አምጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋው። "የበቅሎዋ ሰውዬ፣ 40 ኪሎ፣ ተከፍሏል።" "የሐሊማ ባል፣ ያው።" ያው ምኑ ነው? ስንት ኪሎ? እሱ ያውቀዋል። በእርግጥም ያውቀዋል፣ እያንዳንዱን ገበሬ በፊቱ ያስታውሳል፣ ግን ፊት መዝገብ ላይ አይያያዝም። ሙሉ ስም፣ ቀበሌ፣ ኪሎ፣ ዋጋ፣ ፊርማ ወይም የጣት አሻራ ይኑረው። ያን ቀን ከባንክ ያወጣችሁበትን ወረቀት እዚያው ገጽ ላይ በስቴፕለር ምቱት። ገበሬው ቴሌብር ካለው በቴሌብር ክፈሉት፣ ስልኩ ራሱ ደረሰኝ ይሆናል። ቡናው ሲንቀሳቀስ መሸኛው አብሮ ካልተንቀሳቀሰ ግን ያ ሌላ ጉዳይ ነው፤ እሱን የእኔ ማመልከቻ አያድነውም።

እቁብ ደግሞ አለ። የአክስቴ ልጅ ሚኒሶታ የጭነት መኪና ይነዳል፤ እዚያም እቁብ ይጥላሉ። 22 ሺህ ዶላር ደረሰውና ሌላ ስቴት ያለ ያገለገለ መኪና ሊገዛ ጥሬ ገንዘቡን ይዞ የአገር ውስጥ በረራ ሊሳፈር ሄደ። አሜሪካ ውስጥ ከከተማ ከተማ ሲበሩ ገንዘብ መያዝ ክልክል አይደለም፣ ማሳወቅም አያስፈልግም። ግዴታው ከአገር ሲወጡና ሲገቡ ነው፤ ከ10,000 ዶላር በላይ ከሆነ ፊንሴን 105 በሚባል ቅጽ ይገለጻል። ለበዓል ሊጠይቋችሁ ለሚመጡ ዘመዶቻችሁ ይህን ንገሯቸው። ይዞ መውጣቱ አያስቀጣም፣ መደበቁ ነው። ከቅጹ ለማምለጥ ለባል ስምንት ለሚስት ስምንት ሺህ እያሉ መከፋፈልም ራሱን የቻለ ጥፋት ነው።

ልጁን ሁለት ሰዎች ጥግ ወስደው ጠየቁት። "እቁብ ነው" አለ። "እቁብ ምንድን ነው?" አሉት። እስኪ እናንተ ለፈረንጅ ፖሊስ በአምስት ደቂቃ እቁብን አስረዱ! "ሰዎች እየተሰበሰቡ በየሳምንቱ ገንዘብ ይሰጡኛል" ብሎ ቁጭ። ብሩን ያዙት፣ እሱን ለቀቁት። ከወር ተኩል በኋላ ፖስታ መጣ። ልጁ የመንግሥት ፖስታ አይወድም፣ ፍሪጁ ላይ አስቀመጠው። ደውሎ የነገረኝ በሃያኛው ቀን ነው፣ እሱም ስለ ሌላ ነገር ስናወራ ድንገት ትዝ ብሎት።

የአሜሪካ የፌዴራል መሥሪያ ቤት ሲይዝ እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣው የማሻሻያ ሕግ እንዲህ ይላል። በተለመደው ሁኔታ ከተያዘ በ60 ቀን ውስጥ ለባለቤቱ ማስታወቂያ ይላካል። ደብዳቤው ከተላከበት ቀን ጀምሮ ቢያንስ 35 ቀን አላችሁ፤ የመጨረሻው ቀን እዚያው ላይ ተጽፏል፣ በቀይ እስክሪብቶ ክበቡት። ካለፈ አንድም ዳኛ ሳያየው ገንዘቡ ይወረሳል። ቀኑ ሳያልፍ ሁለት መንገድ አለ፣ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። "ፔቲሽን" የሚሉት ይቅርታ መለመኛ ነው፤ የሚያየውም ያው የያዘው መሥሪያ ቤት ነው። "ክሌም" የሚሉት "የእኔ ነው" ብሎ በመሐላ መቆም ነው። ክሌም ከገባ በኋላ መንግሥት በ90 ቀን ውስጥ ጉዳዩን ፍርድ ቤት ካልወሰደው ንብረቱን ይመልሳል። ማስያዣ አይጠየቅም። አቅም ባይኖራችሁም እንኳ የተያዘው ዋና መኖሪያ ቤታችሁ ካልሆነ በቀር ነጻ ጠበቃ ይቆምልኛል ብላችሁ አትጠብቁ፤ ከረታችሁ ግን የጠበቃውን ወጪ መንግሥት ይከፍላል። እዚያው አየር ማረፊያ ወይም መንገድ ዳር "ገንዘቡ የእኔ አይደለም" የምትል ወረቀት ከቀረበችላችሁ አትፈርሙ። ፈርሞ ቶሎ መሄድ ይቀላል፣ ግን ክሌሙን ራሳችሁ ገደላችሁት ማለት ነው።

ልጁን ያዳነው ምን መሰላችሁ? የእቁቡ ጸሐፊ ደብተር። ሴትዮዋ ባለ ካሬ ደብተር ላይ በአማርኛ ስም በስም፣ ሳምንት በሳምንት ይዛለች፤ በእሱ ስም ትይዩ "ደርሶታል" ብላ፣ ቀን ጽፋ፣ አስፈርማዋለች። ያቺ አንዲት ቃል ተተረጎመች፣ አባላቱም በመሐላ ቃላቸውን ሰጡ፣ ገንዘቡ ከዘጠኝ ወር በኋላ ተመለሰ። መኪናው ያኔ ለሌላ ሰው ተሽጧል። እና የእቁብ ዳኛ ወይም ጸሐፊ የሆናችሁ ሁሉ፣ ሲደርስ አስፈርሙ። "እንተዋወቃለን" አትበሉ። መተዋወቁ ለእናንተ ነው።

አሁን የተያዘ ዕለት ወደሚደረገው እንምጣ። ይሄን በቤተሰባችን ነው የተማርነው።

አጎቴ አንድ አይሱዙ ነበረው፣ ሾፌር ቀጥሮ ከአዲስ አበባ ጅማ የሚያመላልስ። አንድ ቀን ሾፌሩ ለራሱ ኪስ ብሎ ከሲሚንቶው ሥር የልባሽ ጨርቅ ቦንዳ ጫነበት። ኬላ ላይ ተገኘ። መኪናው ከነጭነቱ ተያዘ። አጎቴ የሰማው በማግስቱ ነው። ሲሮጥ ሄዶ የተሰጠውን ወረቀት ይዞልኝ መጣ፦ "አንድ አይሱዙ መኪና" ይላል፣ ታርጋና ቀን፣ አለቀ። እኔም ያኔ አልገባኝም፣ በሉ እሺ ብዬ ማመልከቻ ጻፍኩ። መኪናው ሰባት ወር ግቢ ውስጥ ቆሞ ዝናብም ፀሐይም ወረደበት። በመጨረሻ ባለቤቱ አያውቅም ተብሎ ሲለቀቅ ስኮርታ ጎማው የለም። ክሪኩ የለም። ባትሪው ሌላ ሆኗል፣ አሮጌ። የግራ ስፖኪዮው ተነቅሏል። "ይሄ ሁሉ ነበረው!" አለ አጎቴ። "የት ላይ ተጽፏል?" አሉት።

የትም አልተጻፈም።

ለብዙ ዓሥርት ዓመታት ስንሠራበት የኖርነው የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ በአንቀጽ 33 ላይ ይሄን ነገር አስቦበታል። በማዘዣ ሲፈተሽ የሚያዘው በማዘዣው የተገለጸው ዕቃ ነው። የተያዘው ይዘረዘራል፤ የሚቻል ከሆነ ገለልተኛ ሰው ዝርዝሩን አይቶ ይፈርምበታል። ፍርድ ቤት ሌላ ካላዘዘ በቀር ፍተሻው ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። ያለ ማዘዣ የሚፈተሽበት ሁኔታም ስላለ በር ላይ ግብግብ አትግጠሙ። ድምፅ ሳታሰሙ፣ ሳትሳደቡ፣ ዝርዝሩን አስጽፉ። ገንዘብ ከሆነ ብዛቱ በፊደልም በቁጥርም፣ ስንት ባለ ሁለት መቶ፣ ስንት ባለ መቶ። መኪና ከሆነ ጎማው፣ ባትሪው፣ ስፖኪዮው፣ የኪሎ ሜትር ቆጣሪው ቁጥር። ቡና ከሆነ ኩንታሉና የተመዘነበት ሚዛን። ማን ያዘው? ፖሊስ? ጉምሩክ? ገቢዎች? የኃላፊውን ስም፣ ቀኑን፣ ሰዓቱን ያዙ። ጎረቤት ጥሩ፣ ይቁም፣ ይፈርም። ፎቶ አንሱ፣ አታንሱ ካሏችሁ ደግሞ እዚያው ጭቅጭቅ ሳትገቡ ወጣ እንዳላችሁ ያያችሁትን ሁሉ ወረቀት ላይ አስፍሩት። ነገ ትረሱታላችሁ፣ እመኑኝ።

ከዚያ ማመልከቻው። እንጀራዬ ስለሆነ ትንሽ ላንዛዛው።

ሰው የሚያመጣልኝ ረቂቅ አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ይጀምራል፦ "እኔ የአምስት ልጆች አባት የሆንኩ ድሃ፣ ከልጅነቴ ጀምሮ ሕግ አክብሬ የኖርኩ፣ በጠላቶቼ ሴራ..." ሁለት ገጽ ይሄዳል፣ ምን እንደተያዘ ሁለተኛው ገጽ መጨረሻ ላይ ነው የሚገኘው። ዳኛው ዛሬ ሌላ ሠላሳ መዝገብ አለው። ልጆቻችሁን እወዳቸዋለሁ፣ ግን መጨረሻ ላይ ይምጡ። እኔ እንዲህ ነው የምጀምረው፦ "በዚህ ቀን፣ በዚህ ሰዓት፣ በዚህ ቦታ፣ በዚህ መሥሪያ ቤት፣ ዝርዝሩ ከዚህ ጋር የተያያዘ ንብረቴ ተይዞብኛል። ባለቤትነቴን የሚያሳይ ሊብሬ፣ የግዢ ውልና የባንክ ወረቀት አያይዣለሁ። የተያዘበት ምክንያት በጽሑፍ አልተገለጸልኝም።" ቀጥሎ የምትጠይቁት ነገር፣ አንድ በአንድ። ምክንያቱ በጽሑፍ ይሰጠኝ። ንብረቱ ይመለስልኝ፤ ይህ ካልሆነ በዋስትና ይለቀቅልኝ፤ ይህም ካልሆነ ሳይበላሽ የሚቆይበት ትእዛዝ ይሰጥልኝ። አንዱን ብቻ ጠይቃችሁ እሱ ከተነፈጋችሁ ባዶ እጃችሁን ነው የምትመለሱት። የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 40 ስለ ንብረት፣ አንቀጽ 26ን ስለ ፍተሻ መጥቀስ ይቻላል፤ አንዴ ይበቃል፣ በየመስመሩ አይደለም።

ቋንቋውንም እዩ። የክልሉ ፍርድ ቤቶች የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ነው፣ የፌዴራል መሥሪያ ቤት ከሆነ በአማርኛ። በአንዱ ቋንቋ አስጽፎ ለሌላው ወስዶ የተመለሰ ሰው ብዙ አይቻለሁ፤ አንድ ቀን ያልፋል፣ ቀን ደግሞ እዚህ ጉዳይ ላይ ገንዘብ ነው። ያስገባችሁበትን ቅጂ ገቢ ቁጥርና ማኅተም አስመትታችሁ ያዙ። እና ነገሩ ከመኪና አልፎ ወደ ቤት፣ ወደ ንግድ ሂሳብ፣ ወደ ንብረት ማስመለስ አዋጁ ከሄደ እኔን ተዉኝና ጠበቃ ያዙ። ይህን የምላችሁ ገበያዬን እየዘጋሁ ነው።

"ታዲያ ይሄ ሕግ ጭራሽ ይቅር ትላለህ?" ይሉኛል። አልልም። ሌባ ይሞታል፣ ይሰደዳል፣ ፎቁ ግን በአክስቱ ስም ቆሞ ኪራይ ይሰበስባል። እሱን "ክስ የለም፣ ተከሳሽ የለም" ብሎ መተው ቀልድ ነው። የሚያሳስበኝ አሠራሩ ነው፣ አሜሪካኖቹ የወደቁበትን ጉድጓድ እያየን ነው የምንሄደው። እ.ኤ.አ. በ1984 ያወጡት ሕግ የተወረሰው ገንዘብ ለሕግ አስከባሪዎቹ ራሳቸው ወደሚሆን ፈንድ እንዲገባ አደረገ፤ ከፌዴራሉ ጋር የሠራ የአካባቢ ፖሊስ እስከ 80 በመቶ ድርሻ ያገኛል። ድመትን ቅቤ ጠብቂ እንደማለት ነው። ኒው ሜክሲኮ በ2015 ያለ ጥፋተኝነት ፍርድ መውረስን አስቀረችና ገቢውን ወደ ጠቅላላው ግምጃ ቤት አዞረችው፣ ነብራስካ በ2016፣ ሜይን በ2021 እንደዚያው ያለ ጥፋተኝነት ፍርድ መውረስን አስቀሩ። የእኛም ሕግ ቢያንስ የሚይዘው እጅ ከሚያዘው ነገር አንዳች እንዳይቀምስ ጥርት አድርጎ ይከልክል።

የማያውቅ ባለቤት ነገር ደግሞ አለ። ሚሺጋን ውስጥ ባልየው በ600 ዶላር በገዙት አሮጌ ፖንቲያክ ውስጥ ከሴተኛ አዳሪ ጋር ተያዘ። መኪናው የሚስቱም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1996 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አምስት ለአራት፣ እሷ ባታውቅም የእሷ ድርሻ ይወረስ አለ። ተታለለች፣ ከዚያ መኪናዋን ተቀማች። ኮንግረሱ በ2000 የፌዴራሉን ሕግ ሲያሻሽል ነው ለማያውቅ ባለቤት መከላከያ ያስገባው። ኢንዲያና ውስጥ ደግሞ ትልቁ መቀጮ 10,000 ዶላር በሆነበት ጥፋት በ42,000 ዶላር የተገዛ ላንድ ሮቨር ሊወስዱ ሲሉ በ2019 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የሕገ መንግሥታቸው የተጋነነ ቅጣት ክልከላ ክልሎችንም ያስራል ብሎ በአንድ ድምፅ ወሰነ። በ2024 ግን መኪናቸው በሌላ ሰው ጥፋት ተይዞ ከዓመት በላይ የጠበቁ ሁለት ሴቶች ቶሎ የሚሰማ የመጀመሪያ ችሎት የማግኘት መብት አላችሁ አልተባሉም። የአጎቴን ሰባት ወር ሳስበው እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄኛው ነው። በመጨረሻ መርታት መኪናውን አያስነሳውም። ንብረት በተያዘ በሁለት ሳምንት ውስጥ አንድ ዳኛ "በምን ምክንያት?" ብሎ ይጠይቅ፤ ዐቃቤ ሕግ መጀመሪያ የእሱን ይዘርግፍ፣ ከዚያ ነጋዴው ደብተሩን ያምጣ። ያለ ጥፋት የተያዘ ዕቃ ተበላሽቶ ከተመለሰ የሚከፍለው ሰው ይታወቅ።

እስከዚያው በመመለሻው ቀን የምታደርጉትን ልንገራችሁ። ስትጠሩ ደስ ይላችኋል፣ ቶሎ ጨርሶ መውጣት ያምራችኋል። ኃላፊው "ንብረቴን በሙሉ ተረክቤያለሁ" የሚል ወረቀት ይሰጣችኋል። አሜሪካም ውስጥ ቢሆን ሲመልሱ "ወደፊት አልከስም" የሚል ወረቀት የሚያስፈርሙበት ጊዜ አለ። አትፈርሙ፣ ገና። የመጀመሪያውን ዝርዝር አውጡ። ገንዘቡን እዚያው ቁጠሩ፣ ብታፍሩም ቁጠሩ። መኪናውን አስነሱ፣ ዙሩት፣ ከሥሩ እዩ፣ ፎቶ አንሱ። የጎደለ ካለ እዚያው ወረቀት ላይ፣ ከፊርማችሁ በላይ "ስኮርታ ጎማና ክሪክ የለም፣ ባትሪው ተቀይሯል" ብላችሁ በእጃችሁ ጻፉ፣ ከዚያ ፈርሙ።

አጎቴ ሳይጽፍ ነው የፈረመው። አዲስ ስኮርታ ገዝቶ ጎኑ ላይ በነጭ ቀለም ስሙን ጽፎበታል።